ሆስፒታሉን ማን ይምራው?

«ታካሚ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሆስፒታል ሊመራ አይገባም» ብለው ጀመሩ ሽማግሌው።

ወጣቷ የማኪያቶ ብርጭቆዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና «ጋሼ፣ እኔን ነው የሚሉት?» አለች።

«አንቺን አይደለም ልጄ። ወንበሩን ነው።»

ቦታው ፒያሳ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል፣ ከሰፈሩ መፍረስ ተርፎ የቆመ ቡና ቤት። ሽማግሌው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ የወጡ፣ ዛሬ ጡረታ ላይ ያሉ ጤና መኮንን ናቸው። ወጣቷ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታልና በጤና አገልግሎት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዛ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ በሥራ አመራር ላይ ትገኛለች። እንደ ሁለቱ ያሉ ሰዎች በየጤና ተቋሙ ስላሉ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። ክርክራቸው ግን የጤና ሚኒስቴር ከተቋቋመበት ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ መልክ እየለወጠ የሚመላለስ ነው፤ የሕዝብ ሆስፒታል የሚመራው ሐኪም ነው ወይስ ማስተዳደርን የተማረ ሰው?

ፒያሳ ለዚህ ጭቅጭቅ ጥሩ መድረክ ናት። ከጊዮርጊስ ሽቅብ ሲወጡ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል አለ። የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረው ስድስት ኪሎ ሲደርሱ የካቲት 12ን ያገኙታል። በአራት ኪሎ በኩል ወደ ቀበና ሲሉ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ጥቁር አንበሳ። የአገሪቱ ዘመናዊ ሕክምና ታሪክ አብዛኛው በአንድ ታክሲ መንገድ ውስጥ ነው።

ሽማግሌው ማስረጃቸውን የጀመሩት ከዚያው ነው። «ከዓድዋ በኋላ በ1888 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው እዚህ ከተማ ውስጥ ሆስፒታል ከፈቱ። ዐሥር ዓመት ያህል ሲሠራ የመሩት ሐኪሞቹ ራሳቸው ነበሩ። የመንግሥት የሆነው ምኒልክ ሆስፒታል የተተካው ከእነሱ በኋላ ነው። የካቲት 12 ደግሞ ድሮ ቤተ ሳይዳ ነበር፤ ዶክተር ሐነር የሚባሉ ስዊድናዊ ሐኪም ነበሩ የሚመሩት። ሐኪም ወርቅነህን ውሰጂ። ሰውየው ቀዶ ሕክምና ያውቃሉ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ ጨርጨርን አስተዳድረዋል፣ ለንደን ላይ የአገሪቱ ሚኒስትር ሆነው ቆመዋል። አየሽ? የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው አገርም ያስተዳድራል።»

«ሐኪም ወርቅነህ አንድ ናቸው፤ ስንት ወርቅነህ አለን?» አለች እሷ። «ደግሞ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ራስዎ ሐኪም ነበሩ እንዴ?»

ሽማግሌው ሳቁ። ጥያቄው በትክክለኛው ቦታ አርፏል።

ጤና መኮንን ሐኪም አይደለም። የጎንደሩ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ከመንግሥት ጋር ተባብረውበታል። ከዚያ በፊት በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበርና ገጠሩ ሐኪም እስኪያገኝ ድረስ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ እንደማይችል ግልጽ ሆነ። ኮሌጁ የመለሰው መልስ ቡድን ማሠልጠን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አብረው ተምረው፣ አብረው ገጠር ወጥተው ልምምድ አድርገው፣ አብረው አንድ ጤና ጣቢያ ይዘው የሚሠሩበት ሥልጠና። የቡድኑ መሪ ጤና መኮንኑ ነበር። ያክማል፤ መርፌና ጨርቅ መቁጠር፣ ውኃ ማስመርመር፣ ከአውራጃ ገዢው ጋር መጨቃጨቅም የሱ ሥራ ነው።

«እኛን ያስተማሩን ማከምና ማስተዳደርን በአንድ እጅ እንድንይዝ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ተለያይተው አልተሰጡንም።»

«እንግዲያው የተስማማን ይመስለኛል» አለች ወጣቷ። «ማስተዳደር ይማሩታል ማለት ነው እኮ። እርስዎ ተምረውታል። ከእርስዎ በኋላ የመጡት የሆስፒታል ዳይሬክተሮች ግን ጎበዝ ቀዶ ሐኪም ስለነበሩ ተሾሙ፤ የበጀት ዝግጅት ሳያዩ፣ የግዢ መመሪያ ሳይከፍቱ። ጠዋት ኦፕሬሽን ክፍል፣ ከሰዓት የጥበቃ ሠራተኛ ቅጣት። ሁለቱም ይጎዳ ነበር።»

እዚህ ላይ የጎንደሩን መንገድ ምን እንዳቋረጠው መጥቀስ ተገቢ ነው። ኮሌጁ በ1970ዎቹ መባቻ በምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ተለወጠ፤ የጤና መኮንን ሥልጠናም ቆመ። እንደገና የተጀመረው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት አገሪቱ ሐኪም ስታፈራ የጤና ጣቢያ መሪ አላፈራችም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወጣቷ የምትኮራበት ለውጥ የመጣው በ1998 እና በ2002 መካከል ነው። ጤና ሚኒስቴር ከዬል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ የሆስፒታል አመራርን እንደ ሙያ ማየት ጀመረ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን ከፈተ። ሆስፒታሎች «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚባል ወንበር አገኙ። በ2002 ደግሞ የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያ ወጣ።

«መመሪያው በጣም ተራ በሆኑ ነገሮች የተሞላ ነው» አለች። «ካርድ ክፍልን ልንገርዎ። ድሮ አንድ ታካሚ በመጣ ቁጥር አዲስ ካርድ ይወጣለት ነበር። የስኳር ታማሚዋ እናት አራት ካርድ ይኖራታል፤ አራቱም እርስ በርስ አይተዋወቁም። ሐኪሙ ባለፈው ወር ምን እንዳዘዘላት አያውቅም። መመሪያው አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ማኅደር አለ። መደርደሪያው በቁጥር ተደረደረ፣ የወጣ ማኅደር ቦታ ላይ ምልክት ገባ፣ ማታ ማታ ያልተመለሰው እየተፈለገ መመለስ ተጀመረ። ይህን ለማድረግ ስቴቶስኮፕ አያስፈልግም።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ያስፈልጋል አላልኩም። ግን ማኅደሩ ሲጠፋ የሚደነግጠው ማን ነው? ከፊቱ በሽተኛ የተቀመጠበት ሰው ነው። መሪው ያ ድንጋጤ ከሌለው ካርድ ክፍሉ በሦስተኛው ዓመት ወደ ድሮው ይመለሳል። አላየሽም?»

አይታለች። መልስ አልሰጠችም።

ጭቅጭቁ ሙሉ በሙሉ መልክ የለወጠው ገንዘብ ሲነሣ ነው። ስለ ጤና አመራር ከሚጻፈው አብዛኛው ስለ ራዕይ ነው፤ ሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎች ግን የሚያወሩት ስለ ፕሮፎርማ ነው።

«በእኔ ጊዜ» አሉ ሽማግሌው፣ «የካርድና የመድኃኒት ገንዘብ በደረሰኝ እንሰበስባለን፤ ወር ሲሞላ አንድ ሳንቲም ሳናስቀር ለመንግሥት ካዝና ገቢ እናደርጋለን። ከዚያ የማዋለጃ ክፍሉ አምፖል ይቃጠላል። ለአምፖል ደብዳቤ እጽፋለሁ። ደብዳቤው አውራጃ ይሄዳል፣ ከአውራጃ ጠቅላይ ግዛት። እስኪመለስ በፋኖስ እናዋልዳለን። ጠዋት የሰበሰብኩት ገንዘብ መቶ አምፖል ይገዛ ነበር።»

ይህን የለወጠው በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና እንክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። ተግባራዊነቱ ጊዜ ወስዷል፤ አማራ፣ ኦሮሚያና የያኔው ደቡብ ክልል ቀድመው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሕግ አወጡ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። የለውጡ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ጤና ተቋሙ የሰበሰበውን ገንዘብ ራሱ ይይዛል። በምን ላይ እንደሚያውለው የሚወስን ቦርድ ይኖረዋል፤ በቦርዱ ውስጥ የአካባቢው ሕዝብ ተወካይ ይቀመጣል። መክፈል ለማይችል ድሃ ወጪውን የሚሸፍን አሠራርም አብሮ ተዘረጋ። ሠራተኛው ዛሬ «የውስጥ ገቢ» የሚለው ይህንኑ ገንዘብ ነው።

በዚህ ጸሐፊ ግምት በአገሪቱ የጤና አመራር ውስጥ ከመጡት ለውጦች ሁሉ እንደዚህ ትልቅ ሆኖ ሳለ እንደዚህ ትንሽ የተወራለት የለም። ሐኪምም ይሁን ሥራ አስኪያጅ፣ ያለ ውስጥ ገቢ የተሾመ መሪ የደብዳቤ ጸሐፊ ነበር።

«ታዲያ ምን ጎደላችሁ?» ጠየቁ ሽማግሌው። «ገንዘቡ አለ፤ ቦርዱ አለ።»

«ሕጉ የውስጥ ገቢ ከመንግሥት በጀት በላይ ተጨማሪ ነው ይላል» አለች። «አንዳንድ ቦታ ግን በጀት ሲከለስ ‹እናንተማ ገቢያችሁ ጥሩ ነው› ይባላል። ከዚያ ከበጀቱ ላይ ይቀነሳል። ብዙ የሠራ ይቀጣል ማለት ነው። ቦርዱም ይኖራል ግን አይሰበሰብም፤ ሰብሳቢው የአስተዳደር ሰው ነው፣ ዐሥር ሌላ ስብሰባ አለበት። የላቦራቶሪ ማሽኑ ቆሞ፣ የሪኤጀንት ግዢ የቦርድ ፊርማ ይጠብቃል። ታካሚው ናሙናውን ይዞ ውጭ ይላካል። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ፊርማው ግን እኔ ጋ የለም።»

«አምፖሉ ነዋ!» አሉ ሽማግሌው።

«አምፖሉ ነው» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም አብረው ሳቁ።

ከዚህ ቀጥሎ ወጣቷ ያነሣችው የደብረ ማርቆስን ሆስፒታል ነው። መድኃኒት በመንግሥት ተቋማት ውስጥ እንዴት ይጠፋ እንደነበር ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። መድኃኒት መጋዘን ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፤ ከመጋዘን ወደ ፋርማሲ ሲወጣ በሞዴል 22። ሞዴል 22 ከተቆረጠ በኋላ መድኃኒቱ በሒሳብ ረገድ «ጥቅም ላይ ውሏል»። ፋርማሲው መስኮት ላይ ለማን እንደተሰጠ፣ በስንት ዋጋ፣ ስንት እንደቀረ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ኦዲተር ቢመጣም የሚቆጥረው ነገር አያገኝም። ሌባ ባይኖር እንኳ ንጹሕ ሠራተኛ ንጹሕነቱን የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደብረ ማርቆስ ላይ አዲስ አሠራር ተጀመረ፤ በአጭሩ ኤ.ፒ.ቲ.ኤስ. ይሉታል፤ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይት ማለት ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ዋጋው ተለጥፎበት ይቀመጣል። ለታካሚ ሲሰጥ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ በነጻ ቢሰጥም፣ በመድን ቢሰጥም። ፋርማሲው የራሱ ሒሳብ ሠራተኛና ገንዘብ ተቀባይ አለው። በየጊዜው ቆጠራ ይደረጋል፣ የቀረው ከተሸጠው ጋር ይመሳከራል። የአማራ ክልል ይህን በሕግ አጽድቆ ለሌሎች ሆስፒታሎቹ አዳረሰው፤ የፌዴራልና የሌሎች ክልሎች ተቋማትም ወሰዱት።

«ይኸው!» አሉ ሽማግሌው ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ማን ፈጠረው? ፋርማሲስቶች ናቸው። የውጭ ኤክስፐርት አይደለም፣ ቢሮክራት አይደለም። መድኃኒት ሲጠፋ ታካሚ ፊት ያፈሩ ባለሙያዎች ናቸው።»

«ከሒሳብ ሠራተኛ ጋር ነው የፈጠሩት ጋሼ። ብቻቸውን ቢሆኑ ደረሰኙን ከየት ያመጡታል?»

ነጥቡ ለሁለቱም ይያዝ። የደብረ ማርቆሱ ነገር የሚያስገርመው ማን እንደመራው ብቻ አይደለም፤ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ሕግ ሆኖ መውጣቱም ነው። በእኛ አገር ፖሊሲ በአብዛኛው የሚጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ከላይ በሰርኩላር ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ በሪፖርት ይመለሳል።

ይህም ሆኖ ከላይ የወረደ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሽማግሌው ራሳቸው የጤና ኤክስቴንሽኑን አነሡ። በ1995 እና 1996 የተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች መደበ፤ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ፣ ደመወዛቸውን መንግሥት የሚከፍላቸው። 16 የጤና ፓኬጆች ተሰጧቸው፤ ከመጸዳጃ ቤት እስከ ክትባት። ቁጥራቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። በፈረንጆቹ 1990 ከ1,000 ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በዚያው አቆጣጠር በ2012 ቁጥሩ ወደ 68 መውረዱን የተባበሩት መንግሥታት አስታውቋል። ሁሉም የኤክስቴንሽኑ ፍሬ ነው ማለት አይቻልም፤ ያለ እነዚያ ሴቶች ግን ይሆን ነበር ብሎ የሚከራከር አይገኝም።

«ፕሮግራሙ በአገሪቱ ሲስፋፋ ሚኒስትሩ ማን ነበሩ?» ጠየቀች ወጣቷ፤ መልሱን እያወቀች።

«ዶክተር ቴድሮስ። ከ1998 ጀምሮ።»

«ሐኪም ናቸው?»

አይደሉም። ባዮሎጂ ያጠኑ፣ ዶክትሬታቸውን በማኅበረሰብ ጤና የሠሩ ናቸው። ሽማግሌው ነጥቡን ቆጠሩላት፤ ግን ወዲያው ዶክተር ሊያ ታደሰን ጠሩ። የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው፣ በጤና አስተዳደርም ሁለተኛ ዲግሪ አላቸው፤ ከ2012 እስከ 2016 ሚኒስትር ሆነው የኮሮናን ዘመን መርተዋል። «እኔ የምፈልገው ይህን ዓይነት ሰው ነው» አሉ።

«እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ እኔም ወንበሬን እለቅለታለሁ» አለች። «እስከዚያ ግን ሆስፒታሉ ክፍት ነው።»

ውጭ የግንባታ መኪና አልፎ ብርጭቆዎቹን አንቀጠቀጠ። የፒያሳ ወሬ ያለ ኮሪደር ልማት አያልቅምና ወሬው ወደ ሰፈሩ ዞረ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ፈርሷል፤ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ለጤና ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ከ2002 ወዲህ በነርሶች የሚሠራው ቤት ለቤት ነው፤ መዝገቡ የቤት ቁጥር፣ የነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት ታማሚ ስም የያዘ ነው።

«ቤቱ ሲነሣ መዝገቡ የማን ይሆናል?» አሉ ሽማግሌው። «በየወሩ የደም ግፊት ኪኒኗን እዚህ ጤና ጣቢያ የምትወስድ ሴት፣ የጤና መድን ደብተሯ እዚህ ወረዳ የተመዘገበ፣ አሁን ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትመጣው? ወይስ እዚያ እንደ አዲስ ትጀምራለች? ይህን የሚጠይቅ መሪ ሐኪም ይሁን ሥራ አስኪያጅ ግድ የለኝም።»

«ይህ የአንድ ተቋም መሪ ጥያቄ አይደለም ጋሼ። ችግራችን እኮ እዚህ ላይ ነው» አለች። ጣቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ምኒልክ፣ ራስ ደስታና የካቲት 12 የከተማው ጤና ቢሮ ናቸው። ጥቁር አንበሳ የዩኒቨርሲቲው ነው። ጳውሎስና አማኑኤል የጤና ሚኒስቴር። ከጤና ጣቢያ ሪፈር የተጻፈላት ወላድ ለእሷ አንድ መንግሥት ነው የሚታያት። እኛ ጋ ሦስት አለቃ አለ። ሪፈር የምታስተባብረው የላይዘን ሠራተኛ ስልክ ይዛ ‹አልጋ አለ?› ትላለች፤ ያኛው ሆስፒታል ‹የለም› ቢላት የምታዘውም የምትከሰውም የለም። የምትለምነው በትውውቅ ነው።»

ይህ ከቃለ ጉባኤ ውጭ የማይሰማ፣ ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው እውነት ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ አልጋዎችን የሚያዝ አንድ ወንበር እስከሌለ ድረስ የየሆስፒታሉ መሪ ጎበዝ መሆን የሚረዳው እስከ ግቢው አጥር ነው።

ወደ መጨረሻው ሽማግሌው ስለ ሹመት ተናገሩ፤ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነን። መሪ በሁለት ዓመት የሚነሣ ከሆነ የሚያቅደው ለሁለት ዓመት ነው። እኔ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ፤ ያዋለድኳቸው ልጆች ሲያገቡ አይቻለሁ። አንቺ እስከ መቼ ትቆያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «ማንም አልነገረኝም። ግን ጋሼ፣ መሪው ቢቆይ ሠራተኛው ይቆያል? በሚያዝያ 2011 ሐኪሞች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ቆመው ስለ ደመወዛቸው ተናገሩ። በግንቦት 2017 በብዙ ቦታ ሥራ እስከ ማቆም ተደረሰ። ነርሷ የቤት ኪራይ አልበቃት ብሎ ሌሊት ሌላ ቦታ ሠርታ ጠዋት እኔ ጋ ስትመጣ ምን ዓይነት አመራር ነው የማሳያት? ጅማ ስለ ማነቃቃት አስተምረውኛል። ስለ ቤት ኪራይ ግን አላስተማሩኝም።»

ሽማግሌው ለዚህ መልስ አልነበራቸውም፤ እሷም የላትም። ደመወዝ የሚወሰነው ከሁለቱም ወንበር በላይ ነው።

ሒሳቡን ማን ይክፈል በሚል ሌላ ክርክር ተነሥቶ ሽማግሌው አሸነፉ። ከመነሣታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቋት፤ «የቦርዳችሁን የሕዝብ ተወካይ ታውቂዋለሽ?»

«በስም አውቀዋለሁ።»

«ታካሚዎቹስ?»

ታካሚዎቹ አያውቁትም። ብዙው ሰው የሕዝብ ተወካይ የሚቀመጥበት ቦርድ መኖሩን፣ በካርድ መስኮት የከፈለው ገንዘብ እዚያው ሆስፒታል እንደሚቀር፣ በምን ላይ እንደዋለ ሊጠይቅ እንደሚችል አልተነገረውም። ወጣቷ ሦስት ወረቀት በካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ሐሳብ ለማቅረብ ተነሥታለች፤ የቦርድ አባላቱን ስምና የስብሰባ ቀን፣ የሩብ ዓመቱን የውስጥ ገቢና ወጪ፣ በፋርማሲው የሌሉትን መድኃኒቶች ዝርዝር። ለዚህ አዲስ አዋጅም ተጨማሪ በጀትም አያስፈልግም። እስኪለጠፍ ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካርድ ሲያወጡ መስኮቱ ላይ ይጠይቁ፤ የዚህ ሆስፒታል ቦርድ ውስጥ እኔን ወክሎ የተቀመጠው ሰው ማን ነው?